«ሞተሩ ደህና ነው?» ለሚሉኝ ልጆች

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት አንድ የ17 ዓመት ልጅ ከእናቱ ጋር ወደ ጋራዤ መጣ። የምሠራው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ነው። ልጁ ቅዳሜና እሁድ ምግብ ቤት ሰሃን እያጠበ ያጠራቀማት ገንዘብ አለችው። ስልኩን አውጥቶ የሚሸጥ መኪና ፎቶ አሳየኝ። ጥቁር ነው፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ማርሚታው ከሩቅ የሚሰማ ዓይነት። «ጋሼ፣ ብናመጣው ያዩልናል? ሞተሩ ደህና ከሆነ ልገዛው ነው» አለኝ።

እናትየዋ ቦርሳዋን ታቅፋ ዝም ብላለች። እኔም ዝም አልኩ። «አምጡትና እናያለን» ብዬ ሸኘኋቸው። የዚያን ዕለት ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

በ2009 መስከረም ላይ፣ ዓመቱን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው፣ አንድ ጓደኛዬ እንዲሁ ከልጁ ጋር መጥቶ ነበር። አዲስ አበባ አንድ ሰፈር ያደግን ሰው ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ይነዳ ነበር። በቀን 12 ሰዓት፣ አንዳንዴም 14 ሰዓት መሪ ላይ ይውላል። ለልጁ «በሁሉም ትምህርት ኤ ካመጣህ መኪና እገዛልሃለሁ» ብሎ ቃል ገብቶለታል። ልጁም አመጣ። የመረጡት መኪና የ2004 ሞዴል፣ ባለ ሁለት በር የጃፓን ስፖርት መኪና ነበር። ስሙን አልጠራም፤ መኪናው ጥፋት የለበትም። ሞተሩ 3.5 ሊትር፣ ጉልበቱ 280 ፈረስ፣ የሚገፋው በኋላ እግሩ ነው። የዚያ ዘመን ኮሮላ 130 ፈረስ ነበራት።

ሊፍት ላይ ሰቀልኩት። ከሥር ገብቼ ዞርኩት። ዘይት አያፈስም። የፍሬን ሸራው ገና ነው። ማርሹ ያለ ችግር ይገባል። ጎማው ጋ ስደርስ ቆም አልኩ። የፊቶቹ ደህና ናቸው፤ የኋላዎቹ ግን ጥርሳቸው ተበልቷል። በኋላ እግር የሚገፋ ጉልበተኛ መኪና ቶሎ የሚበላው የኋላ ጎማውን ነው። የቨርጂኒያ ምርመራ የሚጠይቀው የጎማ ጥርስ ጥልቀት ቢያንስ የኢንች 2/32 ነው። የነዚህ 3/32 ነበር። ሕጉን ያልፋሉ። በደረቅ አስፋልትም ያስኬዳሉ። በዝናብ፣ በዚያ ጉልበት፣ ነዳጁን ገና መርገጥ ለሚማር ልጅ ግን አይሆኑም። ይህን አውቅ ነበር። መለኪያው እጄ ላይ ነበር።

ጓደኛዬ «ንጹህ ነው?» አለኝ።

«ንጹህ ነው። በረዶ ከመምጣቱ በፊት የኋላ ጎማ ትቀይርለታለህ» አልኩት።

አልዋሸሁም። የጠየቀኝን መለስኩ። ያልጠየቀኝን ግን አልነገርኩትም። ፊቱን አይቼ ነው ዝም ያልኩት። ሰውየው ደስ ብሎታል። ስንት ዓመት የሰው ሻንጣ ሲጭንና ሲያወርድ ኖሮ፣ ዛሬ ለልጁ መኪና ሊገዛ ነው። የእኔ ልጅ ያኔ የሚነዳው አሮጌ ኮሮላ ነበር። «ይሄ ለልጅህ አይሆንም» ብዬ ብነግረው ቅናት ይመስልብኛል ብዬ ፈራሁ።

ከዚያ ልጁ ሹፌር ወንበር ላይ ተቀመጠና አንድ ቁልፍ አሳየኝ። «ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው?»

የመንሸራተት መቆጣጠሪያው ማጥፊያ ነው። መኪናው ከመስመሩ ሊወጣ ሲል ይህ መሣሪያ የሚያስፈልገውን ጎማ ለብቻው ፍሬን ይይዝለታል፤ የሞተሩንም ጉልበት ይቀንሳል። ይህን ሁሉ አስረዳሁት። ቀጥዬም «ሲጠፋ መኪናው እንደ ልቡ ይሆናል፤ የኋላው ይጫወታል» አልኩት። የልጁ ዓይን በራ። እኔም ደስ አለኝ። ሙያውን ለሚወድ ልጅ ማስረዳት ደስ ይላል። «አትንካው» የምትል አንዲት ቃል አልጨመርኩም።

ኅዳር ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ልጁ የ14 ዓመት እህቱን ከመዝሙር ጥናት ይዟት ሲመለስ በጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይ ነበር የሚመጣው። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። የፖቶማክን ወንዝ ተከትሎ ይጠመዘዛል። ዛፎቹ አስፋልቱን ተጠግተው ነው የቆሙት። ዝናብ ያካፋል፤ የረገፈው ቅጠል መንገዱ ላይ ተኝቷል። ኩርባው ውስጥ እያለ ነዳጅ ጨመረ። ብዙ አልነበረም ይላል፤ አምነዋለሁ። የኋላ ጎማዎቹ ለቀቁ። ደነገጠና እግሩን ከነዳጁ ባንዴ አነሳ። ማንም ያልለመደ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ነገር ግን እግር ባንዴ ሲነሳ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል። የኋላው ይቀላል፤ የቀረችውን መቆንጠጫም ያጣል። መኪናው ዞረና በእህቱ በኩል ዛፍ መታ።

ሆስፒታል የደረስኩት ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ልጁ ግንባሩ ላይ ፕላስተር ብቻ ነው ያለው። ግድግዳ ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጧል። እህቱ የዳሌ አጥንቷ ተሰብሮ ኦፕራሲዮን ክፍል ገብታለች። እናታቸው ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ትንቀጠቀጣለች። ጓደኛዬ ኮሪደሩ ላይ ሲያየኝ መጀመሪያ የተናገረው ነገር «ፍሬኑ ደህና ነበር አይደል?» የሚል ነው።

«ደህና ነበር» አልኩት።

እንደገና የተጠየቅኩትን ብቻ መለስኩ። አቀፈኝና ትከሻዬ ላይ አለቀሰ። እስከ ዛሬ አንድ ቀን ወቅሶኝ አያውቅም። ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ልጅቷ ተርፋለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። በደንብ ለመራመድ ስምንት ወር ፈጀባት። አሁን አግብታ ወልዳለች። ብርድ ሲሆን ቀኝ እግሯን ትንሽ ትጎትታለች። ሰርጓ ላይ ወንድሟ ጥግ ወሰደኝና «ጋሼ፣ ያን ቁልፍ መኪናውን ባስነሳሁ ቁጥር አጠፋው ነበር። እርስዎ እንዳሉኝ የኋላው እንዲጫወት» አለኝ። እኔን ሊከስ እንዳልፈለገ አውቃለሁ። ራሱን ነበር የሚከሰው። «እርስዎ እንዳሉኝ» የምትለዋ ቃል ግን ከጆሮዬ አልወጣችም።

መኪናው ጥፋት የለበትም ብያለሁ። ይህን ስጽፍ ደግሞ እርግጠኛ አይደለሁም። ያ መኪና ኮሮላ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚንሸራተተው ፊቱ ነው። ልጁ ደንግጦ እግሩን ሲያነሳ ፊቱ መልሶ መሬት ይይዝ ነበር። ልጁ የሠራው ያው ስህተት ነው፤ የሚያስከፍለው ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያ መኪናችሁ ስህተታችሁን የሚችል ይሁን የምለው ለዚህ ነው። ስህተት እንደሆነ መሥራታችሁ አይቀርም።

እኔ መንዳት የተማርኩት ጃን ሜዳ ነው፣ በአጎቴ ቮልስ። ሞተሯ 1200 ነው፣ ጉልበቷ 34 ፈረስ። አንዳንድ ጠዋት ፈረስ የሚያለማምዱ ሰዎች ይመጡና እነሱ እስኪያልፉ ሞተር አጥፍተን እንቆማለን። አጎቴ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረበትም። ፍሪሲዮኑን ባንዴ ስለቀው ማጅራቴን ይለኝ ነበር። እሑድ እሑድ ወደ እንጦጦ ይዞኝ ሲወጣ መኪናዋ በአንደኛ ማርሽ ታቃስታለች። ስሳሳት የምትነግረኝ ራሷ ነበረች። ማርሽ ሳሳስት ትጮሃለች፤ ፍጥነት ሳበዛ በሯና መስኮቷ ይንቀጠቀጣል። በ80 ኪሎ ሜትር ስሄድ የምበር ይመስለኝ ነበር። የዛሬ መኪና በ140 ሲሄድ ሳሎን ቤት የተቀመጣችሁ ይመስላችኋል። ፍጥነቱ አለ፤ ድምፁ ግን አይሰማችሁም። እንደ ቮልስ ያለ መኪና ግዙ ማለቴ አይደለም። የደህንነት ቀበቶ እንኳ አልነበራትም። ስንት የሰፈራችን ሰው እንደዚያ ባሉ መኪኖች አልቋል።

እኛ ወላጆች ያልገባን አንድ ነገር አለ። አብዛኞቻችን መሪ የጨበጥነው ከጎረመስን በኋላ ነው። አገር ቤት ከ18 ዓመት በፊት መንጃ ፈቃድ አይታሰብም። እዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ ግን በ15 ዓመት ከስድስት ወር የልምምድ ፈቃድ፣ በ16 ዓመት ከሦስት ወር መንጃ ፈቃድ ይሰጣል። ከዚያ በፊት የሚጠየቀው ልምምድ 45 ሰዓት ነው፤ 15ቱ ከመሸ በኋላ። 45 ሰዓት ማለት ያ ጓደኛዬ በአራት ቀን የሚነዳው ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከ18 በታች የሆነ ልጅ ከ21 ዓመት በታች ከአንድ ሰው በላይ እንዳይጭን ሕጉ ይከለክላል። እህትና ወንድም ግን አይቆጠሩም። በአሜሪካ ከ16 እስከ 19 ዓመት ያለ ሹፌር በሚነዳው ማይል ልክ ሲታይ ሰው የሚሞትበት አደጋ ውስጥ የመግባት ዕድሉ ከ20 ዓመት በላይ ካለው ሦስት እጥፍ ሊደርስ ምንም አይቀረው። ይህ ገና መኪናው ምን ዓይነት ነው ሳይባል ነው።

በሰዓት 60 ማይል ስትሄዱ በአንድ ሰከንድ 27 ሜትር ትጓዛላችሁ። ስልክ ላይ አንዴ ዓይን ጣል ለማድረግ አንድ ሰከንድ አይበቃም። ፍጥነታችሁ እጥፍ ሲሆን ፍሬን ይዛችሁ ለመቆም የሚያስፈልጋችሁ ርቀት አራት እጥፍ ነው። በዚህ ላይ ክርክር የለም። እንደ እናንተ ያለ ልጅ ሲገባ «ጋሼ፣ እኔ ጥሩ ነጂ ነኝ» ይለኛል። ጥሩ ነጂ ልትሆን ትችላለህ። ኩርባው ግን አያውቅህም።

የዛሬ ልጆች ስለ መኪና ብዙ ታውቃላችሁ። ከዜሮ ወደ 60 በስንት ሰከንድ እንደሚገባ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። የዘይት መለኪያዋን ስባችሁ ስታዩ ግን አላየሁም። የጎማችሁን ነፋስ ጣቢያ ገብታችሁ ስትለኩም አላየሁም። ሁሉም ነገር ቪዲዮ ላይ አለና የተነካ ይመስላችኋል። በሌላ በኩል ቀበቶ አስረህ ሂድ ያልኩት ልጅ የለም፤ ሁላችሁም ሳትነገሩ ታስራላችሁ። የእኔ ትውልድ ግን ፖሊስ ሲያይ ነበር የሚያስረው። በዚህ ትበልጡናላችሁ።

ከአዲስ አበባ ደግሞ የእህቴ ልጅ ይደውልልኛል። መንጃ ፈቃድ ካወጣ ሦስት ወሩ ነው። ነዳጅ የሚጠቀም የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ስለተከለከለ አባቱ አይዲ 4 የምትባለውን የቮልስዋገን የኤሌክትሪክ መኪና ሊገዛ ነው። «አጎቴ፣ አይዲ 4 እኮ ስፖርት መኪና አይደለም፣ የቤተሰብ ናት» ይለኛል። ልክ ነው። ግን እሱ የተለማመደበት ቪትዝ 70 ፈረስና አንድ ቶን የማይሞላ ክብደት ነው። ይቺኛዋ 204 ፈረስ፣ ከሁለት ቶን በላይ ናት። የኤሌክትሪክ ሞተር ደግሞ ጉልበቱን የሚሰጠው ገና ስትነካው ነው፤ ድምፅ አያሰማም፣ ማርሽ እስኪቀየርም አይጠብቅም። ከቦሌ እስከ ሜክሲኮ ምን ያህል እግረኛ እንደሚያቋርጥ እሱ ከእኔ በላይ ያውቃል። ጉልበቷን የሚያረጋጋው «ኢኮ» የሚለው ላይ አድርጎ ስድስት ወር እንዲነዳ ለመንኩት። እሺ ብሏል።

ለናንተ የምለው አጭር ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ የመንሸራተት መቆጣጠሪያ በአዲስ የቤት መኪና ሁሉ ላይ ግዴታ ነው። ከዚያ በታች አትግዙ። ቁልፉን አትንኩ። ለጌጥ ጎማ የምታወጡትን ገንዘብ ጥርስ ላለው ጎማ አድርጉት። የመጀመሪያውን ዓመት የእናታችሁን መኪና ንዱ። ፈጣን መኪና የሚወድ ልጅ እወዳለሁ፤ እኔም ሶማሌ ተራ አጠገብ ተለማማጅ ሆኜ የሞተር ድምፅ ለመስማት ብቻ ሥራ ትቼ የምወጣ ልጅ ነበርኩ። በ22 ዓመታችሁ ኑና ጥሩውን አብረን እንፈልጋለን።

ትናንት ለዚያ ልጅ እናት ደወልኩላት። «ልጁ የጠየቀኝ ስለ ሞተሩ ነው። እኔ ግን ስለ እሱ ላናግራችሁ» አልኳት። ለጊዜው ዝም አለች። ከዚያ «ጋሼ፣ እኔም እንዲሉልኝ ፈልጌ ነበር» አለችኝ። ቅዳሜ ጠዋት ያንን ጥቁር መኪና ትተው በራሷ ካምሪ ኑ ብያቸዋለሁ። ከጋራዡ ጀርባ ሰፊ ባዶ መኪና ማቆሚያ አለ። እዚያ ፍሬን መያዝና መሪ መመለስ እናለማምደዋለን። ትንበያው ዝናብ ይላል። ቢዘንብም ኑ ብያለሁ።