ብስክሌትና መኪና በደሴና በኮምቦልቻ መንገዶች፦ ጥያቄና መልስ

ብስክሌት የሚነዱ፣ ልጆቻቸው የሚነዱባቸው፣ እንዲሁም መኪና የሚያሽከረክሩ የደሴና የኮምቦልቻ ነዋሪዎች ያቀረቧቸውን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ ግን ከ25 ኪሎ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። ስለዚህ ለሜዳ ከተማ የተሰጠ ምክር ለእኛ አይበቃም፤ እዚህ ብስክሌተኛውን የሚፈትነው ከመኪናው እኩል ቁልቁለቱ ነው።

ጥያቄ፦ እኔና ጓደኞቼ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስንወጣ የጭነት መኪና በአንድ እጃችን ይዘን እንጎተታለን። መኪናው በሐረጎ ዳገት ላይ ከእግረኛ ብዙም ስለማይፈጥን አደጋው ተጋንኗል ብዬ አስባለሁ። ተሳስቻለሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አልተጋነነም፤ ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ አጥብቄ የምቃወመው ይህንን ልማድ ነው። አንድ እጅህ መኪናው ላይ ሲሆን የቀረው እጅህ መሪውንም ፍሬኑንም ብቻውን ይይዛል፤ ከሁለቱ ፍሬኖችህም አንዱ ብቻ ይቀርሃል። ከመኪናው ጀርባ ሆነህ አስፋልቱን ስለማታየው ጉድጓዱን የምታውቀው ጎማህ ከገባበት በኋላ ነው። ሾፌሩ በስፖኪዮው አያይህም፤ ማርሽ በቀየረ ቁጥር መኪናው መጀመሪያ ይረግባል፣ ወዲያው ደግሞ ይስባል፣ ያም ክንድህን ነጥቆ መሪውን ያዞረዋል። ሞተሩ ጠፍቶበት ወደ ኋላ ቢንሸራተት ከጎማው ሥር የምትገኘው አንተ ነህ።

ከጎን መያዝ ደግሞ ከኋላ ከመያዝም የከፋ ነው። ተሳቢ ያለው መኪና ሲታጠፍ የኋላ ጎማዎቹ የፊት ጎማዎቹን መስመር አይከተሉም፤ ወደ ኩርባው ውስጠኛ ጠርዝ አጥብበው ይገባሉ። በዚያ ጠርዝና በጎማው መካከል የተገኘ ብስክሌተኛ መውጫ የለውም፤ ሾፌሩም የደረሰውን ነገር የሚያውቀው ሰው ጮኾ ሲያስቆመው ሊሆን ይችላል። ይህ ባትይዘውም እውነት ነው፤ በኩርባ ላይ በረዥም መኪና ቀኝ በኩል ሾልኮ ማለፍ ፈጽሞ አይገባም። ዳገቱ አድካሚ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ብስክሌቱን ሚኒባስ ላይ አስጭኖ መውጣት ይቻላል፤ ገንዘቡ ከሌለም ወርዶ እየገፉ መሄድ ነውር የለበትም።

ጥያቄ፦ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ፍሬኔ መጨረሻው ላይ እየላላ ያስቸግረኛል። ጎሚስታው ደህና ነው ይለኛል።

መልስ፦ ፍሬኑ ቆሞ ሲታይ ደህና ሊሆን ይችላል፤ ችግሩ ያለው ከአያያዝዎ ላይ ይመስለኛል። ፍሬንን ከላይ እስከ ታች ሳይለቁ ማሸት የጎማውን ብረትና የፍሬኑን ላስቲክ ያግላል፤ ብረቱ በጣም ከጋለ የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል፣ የውስጡ ካላማዳሪ እስከ መፈንዳትም ይደርሳል። ትክክለኛው መንገድ ቀጥ ባለው ቦታ ላይ፣ ኩርባው ከመድረሱ በፊት፣ ሁለቱንም ፍሬኖች ጠንከር አድርጎ ፍጥነትን መቀነስና ከዚያ ለቆ ብረቱ ነፋስ እንዲያገኝ ማድረግ ነው። ኩርባው ውስጥ ገብተው ፍሬን የሚይዙ ከሆነ ዘግይተዋል፤ ጎማው ወደ ጎን የሚይዝበት ኃይል ለመቆም ስለሚውል መንሸራተት ይመጣል። የፊት ፍሬን ከኋላው የበለጠ የማቆም ኃይል አለው፤ ነገር ግን በድንገት ብቻውን አይያዝ፤ ሰውነትዎን ወደ ኮርቻው ኋላ ሳብ አድርገው ቀስ በቀስ ያጥብቁት።

ስለ ፍጥነት ደግሞ ይህን ሒሳብ ያስቡት። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌተኛ አንድ ነገር አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት በዚያች ሰከንድ ብቻ 8 ሜትር ይጓዛል፤ በደረቅና ሜዳ አስፋልት ላይ ለመቆም በጠቅላላው 17 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። ፍጥነቱ 50 ኪሎ ሜትር ሲሆን ርቀቱ ወደ 38 ሜትር ይደርሳል፤ ቁልቁለትና እርጥበት ሲጨመሩበት ከዚያም ይረዝማል። በሐረጎ ኩርባዎች 38 ሜትር ወደ ፊት የማይታይባቸው ቦታዎች አሉ። ስለዚህ ልኩ ቀላል ነው፤ ከሚያዩት ርቀት ውስጥ መቆም በማይችሉበት ፍጥነት አይውረዱ። ከታች የሚመጣው ተሳቢ ኩርባውን ለመዞር የእርስዎን መስመር ሊይዝ እንደሚችልም ሁልጊዜ ይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ደሴ ፒያሳና አራዳ አካባቢ መኪናው፣ ባጃጁና እግረኛው አንድ ላይ ነው። ጠርዙን ይዤ ብሄድም ባጃጆች ይገፉኛል። የት ልሂድ?

መልስ፦ ብዙ ሰው ጠርዙን መያዝ ትሕትናም ጥንቃቄም ይመስለዋል፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ጠርዙ ላይ ጠጠር፣ የፍሳሽ ክዳን፣ ድንገት ከእግረኛ መንገድ የሚወርድ ሰውና በሩ የሚከፈት ሚኒባስ አለ። ከእነዚህ ለመሸሽ ድንገት ወደ መሃል ስትወጣ ከኋላህ ያለው ሾፌር አልጠበቀህም፤ መገፋት የመሰለህ ነገርም ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል። ከጠርዙ አንድ ሜትር ያህል ርቀህ፣ መስመርህን ሳትወላውል ያዝ። ከቆሙ መኪኖችም የአንድ በር ስፋት ራቅ፤ ሚኒባስ ፍጥነቱን ሲቀንስ ካየህ ረዳቱ በሩን እንደሚከፍት ቁጠር። መንገዱ ጠቦ መኪና በደኅና ሊያልፍህ የማይችል ከሆነ ለጥቂት ሜትሮች የመስመሩን መሃል መያዝ የተሻለው ምርጫ ነው፤ ሲሰፋ ደግሞ ወደ ቀኝ ተመልሰህ አሳልፋቸው።

ወደ ግራ መታጠፍ ስትፈልግ አስቀድመህ ወደ ኋላ ተመልከት፣ ግራ እጅህን ዘርግተህ አሳይ፣ ከዚያ ቀስ ብለህ ወደ መሃል ግባ። ካልቻልክ መገናኛውን ቀጥ ብለህ ተሻገር፣ ከወዲያ ውረድ፣ ብስክሌቱን እየገፋህ እንደ እግረኛ ተሻገር። ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል እንጂ ምንም አይጎድልብህም።

ጥያቄ፦ መኪናው ፊት ለፊት እንዲታየኝ በግራ በኩል ብነዳ አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም። ይህ ምክር የእግረኛ እንጂ የብስክሌተኛ አይደለም። አንተ በ20፣ መኪናው በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ብትጓዙ፣ በአንድ አቅጣጫ ሲሆን የምትቀራረቡት በ40 ነው፤ ፊት ለፊት ሲሆን ግን በ80። በተጨማሪም ከመጋቢ መንገድ ወደ ቀኝ የሚወጣ ሾፌር የሚያየው ወደ ግራው ነው፤ አንተ በማይጠብቅህ በኩል ትመጣበታለህ።

ጥያቄ፦ እኔ የአይሱዙ ሾፌር ነኝ። ብስክሌተኞችን ስናልፍ ክላክስ ብንነፋ ይደነግጣሉ፣ ባንነፋ ደግሞ ሳያዩን ይገባሉ። ምን ማድረግ አለብን?

መልስ፦ ጥያቄውን ስለጠየቁ አመሰግናለሁ፤ ይህ ጉዳይ በብስክሌተኛው ጥንቃቄ ብቻ አይፈታም። ክላክስ የሚነፋ ከሆነ ከሩቅ፣ አጭርና ለስላሳ ይሁን፤ ጆሮው ሥር የተነፋ ክላክስ መሪ ያስለቅቃል። ሲያልፉ በከተማ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሜትር፣ በአውራ ጎዳና ላይ አንድ ሜትር ከግማሽ ይተዉ፤ ይህ ቦታ ከሌለ ከኋላው ይጠብቁ። ጭነት መኪና በፍጥነት ሲያልፍ ነፋሱ ብስክሌቱን መጀመሪያ ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ ቀጥሎ ወደ መኪናው ይስበዋል፤ ሁለተኛው ከፊተኛው የከፋ ስለሆነ የመኪናዎ ኋላ ብስክሌተኛውን ሳያልፍ ወደ ቀኝ አይመለሱ። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲና ሚሌ በሚወስደው መንገድ ረጃጅም ተሳቢዎች ተከታትለው ስለሚጓዙ፣ ከፊትዎ ያለው ሲያልፍ ያላዩት ብስክሌተኛ ሊኖር እንደሚችል ያስቡ።

ጥያቄ፦ ሴት ነኝ፣ የምለብሰውም ረጅም ቀሚስና ሻርፕ ነው። ልብሴን ሳልቀይር መንዳት እችላለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ በሚገባ ትችያለሽ፤ የሚስተካከለው ብስክሌቱ ነው እንጂ አለባበስሽ አይደለም። መሃል ላይ ዘንግ የሌለውን ዝቅ ያለ ብስክሌት ምረጪ። ካቴናው ሙሉ ሽፋን ይኑረው። በኋላ ጎማው ሁለት ጎን ከላይ እስከ መካከሉ ጠንካራ መረብ ቢታሰር ቀሚሱ በሽቦዎቹ ውስጥ አይገባም፤ መረቡ ግን ጎማውን እንዳይነካ ተወጥሮ ይታሰር። የሻርፑን ጫፍ ከልብስሽ ውስጥ አስገቢው፤ በነፋስ ወደ ኋላ የተለቀቀ ሻርፕ ጎማ ከያዘው አንገት ላይ ይጠብቃል።

ጥያቄ፦ የራስ ቁር በእርግጥ ይጠቅማል?

መልስ፦ ይጠቅማል። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት 40 ቀደምት ጥናቶችን፣ በውስጣቸውም ከ64,000 በላይ የተጎዱ ብስክሌተኞችን መርምሮ፣ የራስ ቁር ካደረጉት መካከል ከባድ የጭንቅላት ጉዳት የመድረስ ዕድል በ69 በመቶ ዝቅ ብሎ አግኝቷል። ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ትቶ ግንባርን ይሸፍን፣ ማሰሪያውም በአገጭ ሥር ይጥበቅ፤ አንዴ ከባድ ምት የደረሰበት ቁር ደህና ቢመስልም ይቀየር።

ጥያቄ፦ የስምንት ዓመት ልጄ ሆጤ አካባቢ ብቻውን ልንዳ ይለኛል። ልፍቀድለት?

መልስ፦ መኪና በሚበዛበት መንገድ ላይ ገና ነው። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ መሪና ፍሬን ጎበዝ ሆኖ ሊይዝ ይችላል፤ የሚመጣውን መኪና ፍጥነትና ርቀት አገናዝቦ መወሰን ግን ያዳግተዋል። በሰፈር ውስጥ መኪና በማይገባበት ቦታ ይለማመድ፤ በአንድ እጅ እየነዳ መስመሩን ሳይስት ወደ ኋላ ማየት እስኪችል አስፋልት አይውጣ። ሲወጣም እርስዎ ወይም ታላቅ ወንድሙ ከኋላው ይሁኑ።

ጥያቄ፦ በክረምት ኮብልስቶኑ ያንሸራትታል፣ ጉሙም አያሳይም። በክረምት እንተወው?

መልስ፦ ጉሙ ጥቅጥቅ ባለበት ሰዓት በአውራ ጎዳናው ላይ አለመውጣት ይሻላል። በከተማ ውስጥ ግን መንዳት ይቻላል፤ በእርጥብ ኮብልስቶን ላይ ብስክሌቱን ሳያጋድሉ ቀጥ አድርጎ መዞር፣ የጎማውን ንፋስ ትንሽ መቀነስ፣ መብራትንም በቀን ማብራት ያስፈልጋል። የረጠበ ፍሬን መጀመሪያ ውሃውን ጠርጎ ነው መያዝ የሚጀምረው፤ ስለዚህ ከወትሮው ቀደም ብላችሁ ነካ ነካ አድርጉት።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በሽፍት እሠራለሁ፤ የምወጣው ሌሊት ነው። መብራት መግዛት ካልቻልኩ በምን ልታይ?

መልስ፦ መብራት ሳይኖርህ በሌሊት አስፋልት ላይ እንድትወጣ ልመክርህ አልችልም፤ ገንዘብህ ለአንድ ብቻ ከበቃ ግን መጀመሪያ ቀዩን የኋላ መብራት ግዛ፤ ከኋላ የሚመጣውን መኪና አንተ አታየውምና። የመኪና አጭር መብራት ከፊቱ 50 ሜትር ያህል ቢያሳይ ነው፤ ጥቁር ልብስ የለበሰን ሰው ከዚያም ቀርቦ ነው ሾፌሩ የሚለየው። ብርሃን መላሽ ፕላስቲክ ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ርቆ ያበራል፤ ዋጋውም ከመብራት ያንሳል። ከኋላ አንድ ቀይ፣ በሁለቱ ፔዳሎች ላይ ደግሞ ቢጫ አድርግበት፤ ፔዳል ሲዞር ከፍ ዝቅ ስለሚል ሾፌሩ ብስክሌት መሆኑን ወዲያው ያውቃል። ባልደረቦችህ በዚያው ሰዓት የሚወጡ ከሆነ በአንድ ረድፍ ተከታትላችሁ ሂዱ፤ የኋላ መብራት ያለው የመጨረሻውን ቦታ ይያዝ።