ከአባት የተወረሰች ቮልስ፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ስለ ቮልስ የምትጠይቁትን እመልሳለሁ ብዬ ቃል በገባሁት መሠረት ቡናዬን ይዤ ተቀምጫለሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ እጄ ከቮልስ ሞተር አልወጣም። የማውቀው በአየር የሚቀዘቅዘውን የድሮውን ቮልስ ነው። ስለ ቪትዝ አትጠይቁኝ። ዋጋም አትጠይቁኝ።

ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር። አንድ፣ የቤንዚን ጎማ ቱቦዎቻችሁን ቀይሩ። ሁለት፣ ከኋላ ወንበር ስር ያለውን ባትሪ ክዳን አልብሱት። የወንበሩ ሽቦ የባትሪውን ጫፍ ሲነካ ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። እነዚህን ሳያደርግ ስለ ጉልበት የሚጠይቀኝን ሰው ዝም እለዋለሁ።

የሳሪሱ፦ ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? አባቴ ሁለት ዓመት ሆነው ካረፈ። ቮልሱን ለእኔ ተወልኝ። ሰባት ዓመት ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማለች። ሊብሬው 1967 ይላል። የኛ ነው የፈረንጅ? ሞተሯንም ጠንከር ማድረግ እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

ጋሼ፦ ነፍስ ይማር። በሊብሬው ዓመት አትመን፣ ስንቱ ተሳስቶ ተጽፏል። የኋላ ወንበሩን አንሳና መሃል ላይ ያለውን ጉብታ በጨርቅ ጥረገው። የሻሲ ቁጥሩ እዚያ ላይ ተመትቷል። ከ1965 ሞዴል ወዲህ ሦስተኛዋ አሃዝ ዓመቷን ትነግርሃለች። 117 ብሎ ከጀመረ የ1967 ሞዴል ናት፣ 118 ካለ የ1968። በፈረንጅ ነው። ፋብሪካው አዲሱን ሞዴል የሚጀምረው ነሐሴ ላይ ስለነበር በመስከረም 1966 የተሠራችም የ1967 ትባላለች።

ይህ ለወሬ አይደለም። በ1967 ለአሜሪካ የተሠራችው 12 ቮልት ናት፣ ለአውሮፓ የተሠራችው ግን 6 ልትሆን ትችላለች። ሳታይ የ12 ባትሪ ብትሰካ አምፖሎቹን በአንድ ቀን ትጨርሳቸዋለህ።

ሰባት ዓመት የቆመ ሞተር ደግሞ በሞተሪኖ አይነሳም። ወንድሞችህ ተሰብስበው እንገፋልህ ቢሉህም እምቢ በል። አራቱን ካንዴላ ፍታ። በየቀዳዳው ትንሽ ዘይት ጣል አድርግ። ሁለት ቀን ተወው። ከዚያ የዲናሞውን ዳዶ በ21 ቁልፍ ይዘህ በእጅህ ቀስ አድርገህ አዙር። ዞረ? እሰይ። አልዞረም? አትታገለው፣ ድገምና ዘይት ስጠው። ያረጀውን ቤንዚን አውጣ፣ ታንኩን እጠብ። ዘይቱ ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው። የዘይት ፊልትሮ ፍለጋ ሶማሌ ተራ እንዳትንከራተት፣ ከስር ወንፊት ነው ያላት፣ አውጥተህ እጠበው። የቫልቮቹን ክፍተት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ 0.15 ሚሊ አድርግ። የእሳቱ ተራ፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ የሚተኩሱበት ቅደም ተከተል፣ 1-4-3-2 ነው።

ከዚያ ፍሬን። ጉልበት ከፍሬን በኋላ ነው። ጎማ ቱቦዎቹ ከውጭ ደህና መስለው ከውስጥ ያብጡና ይዘጋሉ። የአንተ ዕድሜ ካላት መኪና ላይ ሁሉንም ቀይር።

የጉለሌው፦ የኛ 1967 ከሆነማ ጃንሆይ በቮልስ የተወሰዱበት ዓመት ነው። መስከረም 2። ሰማያዊ ቮልስ ነበረች።

ባለ ሰባራ ፍሬቻ፦ አረንጓዴ ነበረች።

የጉለሌው፦ አጎቴ መንገድ ዳር ቆሞ አይቷል እኮ!

ባለ ሰባራ ፍሬቻ፦ ያንተ አጎት ያላየው ነገር አለ እንዴ?

ጋሼ፦ ስንት ቮልት እንደነበረች የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። ቀለሟን ለታሪክ ጸሐፊዎች ተዉላቸው። ሌላ ጥያቄ።

የአዳማው፦ ለቮልስ የትኛው ኩላንት ይሻላል?

ጋሼ፦ ራዲያተር የላትም። ውሃ አትጠጣም። ቀጥሎ።

ቸኩዬ፦ ሙሉ ጥገና ስንት ይፈጃል?

ጋሼ፦ ከላይ ያለውን አንብብ።

የሐዋሳዋ፦ ጋሼ፣ የአባቴ ቮልስ ዳገት ላይ ትሞቃለች። ትኩስ ዘይት ዘይት ትሸታለች። መካኒኩ «አየር እንዲገባላት» ብሎ ከሞተሩ ዙሪያ ያሉትን ላሜራዎች አወለቃቸው። ባሰባት እንጂ አልተሻላትም።

ጋሼ፦ እህቴ፣ አሁኑኑ ደውዪለትና ላሜራዎቹን እንዳይሸጣቸው ንገሪው። ምናለሽ ተራ ከደረሱ አታገኛቸውም።

ሁላችሁም ይህንን ስሙ፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚመጣብኝ ጥፋት ነው። የቮልስ ሞተር አየር ስለነካው አይቀዘቅዝም። ዲናሞው ጫፍ ላይ ያለው ፋን ከላይ ቀዝቃዛ አየር ይስባል። ላሜራዎቹ ያንን አየር በሲሊንደሮቹ ክንፎች መካከል አስገድደው ያሳልፉታል። ትኩሱ በስር ይወጣል። ከስር የወጣው ተመልሶ ወደ ላይ እንዳይመጣ የሚያግዱት እነዚያ «ትርፍ» የሚመስሉ ላሜራዎችና ዙሪያውን የከበበው ጎማ ናቸው። እነሱን ስታወጡ ሞተሩ የራሱን ትኩስ ትንፋሽ መልሶ ይስባል።

ቀድሞ የሚጎዳው ሦስት ቁጥር ሲሊንደር ነው። በግራ በኩል የፊተኛው። የዘይት ማቀዝቀዣው ከላዩ ተቀምጦ አየሩን ይሻማዋል። ፋብሪካው ራሱ ይህን አውቆ በፈረንጅ 1971 ሞዴል ማቀዝቀዣውን ገለል አደረገው። ከዚያ በፊት የተሠራች ካላችሁ የሦስት ቁጥርን ቫልቭ እንደ ሕፃን ልጅ ተከታተሉት። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ፣ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ፣ ክፍተቱን ለኩ። ቫልቭ ቀጭ ቀጭ ሲል አትደንግጡ። የሚያስፈራው ድሮ ይጮህ የነበረው ዝም ሲል ነው። ክፍተቱ ጠፍቷል፣ ቫልቩ መግጠም አቅቶት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው።

የራሴን ሞኝነት ልንገራችሁ። ከደብረ ማርቆስ ስመጣ ቺንጊያ አጥብቄ መጥረጊያ ጨርቄን ፋኑ አጠገብ ረሳሁት። የአባይን ድልድይ ተሻግሬ ወደ ጎሐ ጽዮን ስወጣ አረንጓዴው የዘይት መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ትንሽ ነው፣ ከላይ ስደርስ ይሻላታል ብዬ ነዳኋት። ቆሜ ኮፈኑን ስከፍት ጨርቁ የፋኑን አፍ ልክ እንደ ሙዳይ ክዳን ገጥሞታል። አዲስ አበባ ገብተን ቴስታውን ስንፈታ የሦስት ቁጥር ቫልቭ ጠርዙ ተበልቶ አየሁት። ጨርቁ እስካሁን ጋራዤ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

አንድ ነገር ልጨምር። ቀዩ መብራት ከበራ «ባትሪ አልሞላም ማለት ነው፣ ቤት ደርሼ አየዋለሁ» አትበሉ። ፋኑንም ዲናሞውንም የምታዞረው አንዲት ቺንጊያ ናት። ከተበጠሰች ማቀዝቀዣ የለም። ባላችሁበት ቁሙ።

የኮተቤው፦ እኔ የማውቀው ሰው ያለ ላሜራ አሥር ዓመት ነድቷል።

ጋሼ፦ እኔም ያለ ጥርስ ሥጋ የሚበላ ሰው አውቃለሁ።

ከቨርጂኒያ፦ ጋሼ፣ ሰላም ለሁላችሁ። የአባቴ ቮልስ አዲስ አበባ ናት፣ ሞተሯ 1200 ሲሲ። ለገና ስመጣ ሁለት ዌበር ካርቡሬተርና የ87 ሚሊ ፒስተን በሻንጣ ይዤ መምጣት አስቤያለሁ። ቱርቦስ ቢገባላት?

ጋሼ፦ ተው፣ ቀስ በል። በመጀመሪያ ያላችሁበትን ከፍታ አስቡ። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባህር ጠለል በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ፋብሪካው ለ1200ው 34 የፈረስ ጉልበት፣ ለ1600ው 50 ይላል። እዚህ 50ው ወደ 38 አካባቢ ይወርዳል። እንጦጦን ስትወጣ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ «ደከመችብኝ» ከሚለው ግማሹ የመኪናዋ ጥፋት አይደለም። ካርቡሬተሩም ለባህር ጠለል ስለተለካ እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላዋን አውጣና እየው፣ ጥላሸት ለብሶ ታገኘዋለህ። ዋናውን ጄት፣ ያቺን የካርቡሬተሩን የቤንዚን ማለፊያ ቀዳዳ፣ አንድ ሁለት ቁጥር ዝቅ ማድረግ ብቻ ስንቷን መኪና ነፍስ ዘርቶባታል። ወደ አዋሽ ስትወርድ ግን የድሮውን መልስ፣ አለዚያ ቤንዚን ያንሳትና ትሞቃለች።

87 ሚሊ አትግዛ። በ1600ው 69 ሚሊ ምት (ፒስተኑ የሚሄደው ርቀት) 1641 ሲሲ ይሆናል፣ ሞተሩን ሳያስቆርጥ ስለሚገባ ሁሉም ይወደዋል። ግን የሲሊንደሩ ግድግዳ ቀጭን ነው፣ በሙቀት ይጣመማል። ለዚያውም በእኛ ዳገት! የ1200 ክራንክ ደግሞ ምቱ 64 ነው፣ ቁጥሩ ጭራሽ አይመጣልህም። የ90.5ቱ 1776 ጥሩ ነው፣ ግድግዳው ወፍራም ነው። ነገር ግን ብሎኩም ቴስታውም ቶርኖ ቤት ገብተው መሰፋት አለባቸው። ልኩን የሚጠብቅ ባለ ቶርኖ ካላገኘህ አትጀምረው።

እኔ ብሆን ጤነኛ ሙሉ 1600 ሞተር ፈልጌ እገጥምላት ነበር። የአባትህን 1200 ደግሞ ዘይት ቀብቼ፣ በላስቲክ ጠቅልዬ፣ መደርደሪያ ላይ አስቀምጥ ነበር። ሊብሬው ላይ ያለው የእሱ ቁጥር ነው። ሞተር ስትቀይር ለመንገድ ትራንስፖርት አሳውቅ፣ ቦሎ ስታወጣ ሞተር ቁጥሩ ሌላ ሆኖ ቢገኝ ትጉላላለህ።

ሁለቱን ዌበር የሚያስተካክልልህ ሰው ካለህ አምጣ። እኩል ካልተነፈሱ ከፋብሪካው ካርቡሬተር፣ ከአንዱ ሶሌክስ፣ ይብሳሉ። በሻንጣህ ከምንም በላይ የምፈልገው ጥሩ የቤንዚን ጎማ ቱቦ ነው። አምስት ሜትር።

ቱርቦውን ረሳሁት። አይሆንም።

ቸኩዬ፦ የኔ ቮልስ ትንፈራገጣለች። ምን ይሆን?

ጋሼ፦ ስትነሳ ነው? ስትሞቅ? ዳገት ላይ? ካምቢዮ ሲቀየር? ልጄ፣ ሐኪም ቤት ሄደህ «ያመኛል» ብለህ ዝም ትላለህ?

ቸኩዬ፦ ስነሳ ብቻ። አንደኛ አስገብቼ ፍሪሲዮን ስለቅ።

ጋሼ፦ እንዲህ በለኛ! የፍሪሲዮን ገመዱን መሸፈኛ ቱቦ እይ። ትንሽ ወደ ታች ደገን ማለት አለበት። ቀጥ ካለ ያንፈራግጣታል። ከዚያ የካምቢዮውን መያዣ ጎማዎች።

የአዳማው፦ እኔ ዝቅ ማድረግ ነው የምፈልገው። ሰፊ ቸርኬም አስገባለሁ። አሪፍ ይሆናል።

ጋሼ፦ ኮብልስቶን ላይ ሆዷን ትፍቃለህ። ቸርኬ ከመግዛትህ በፊት ቡሎኑን ቁጠር፣ የድሮው አምስት ነው፣ አዲሱ አራት። እርስ በርስ አይገቡም።

የሳሪሱ፦ ጋሼ፣ አባቴ «ኩርባ ላይ ፍሬን አትያዝ» ይለኝ ነበር። ለምንድን ነው?

ጋሼ፦ አባትህ መኪናውን ያውቅ ነበር። የዚያ ዘመን ቮልስ የኋላ አክሲል የሚታጠፈው ከካምቢዮው አጠገብ ብቻ ነው። ኩርባ ላይ በፍጥነት ገብተህ ድንገት ቤንዚን ስትለቅ ወይም ፍሬን ስትይዝ ኋላዋ ይነሳል። ያን ጊዜ የውጭ በኩሉ ጎማ ከስሯ ይታጠፋል። ሞተሩ ከኋላ ነው፣ ክብደቱ ይጎትታታል፣ ትዞራለች። ከኩርባው በፊት ቀንስ፣ ውስጥ ከገባህ ቤንዚኑን አትልቀቅ። ጉልበት ሲጨመርባት ይህ ነገር እጥፍ ይሆናል።

የጎማ ንፋስም አለ። ጎሚስታው በልማድ አራቱንም 35 ይሞላልሃል። ፊት 18፣ ኋላ 27 ገደማ በለው። ይስቅብሃል። ይሳቅ።

ባለ ሰባራ ፍሬቻ፦ በ2016 ዓ.ም. የቤንዚን መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ለምን ኤሌክትሪክ አናደርጋቸውም?

የጉለሌው፦ ድምፁ የሌለ ቮልስ ምኑን ቮልስ ሆነ?

ባለ ሰባራ ፍሬቻ፦ ድምፅ ከፈለግህ አጎትህን ከኋላ አስቀምጠው።

የኮተቤው፦ መብራት ሲጠፋስ?

ጋሼ፦ የኤሌክትሪክ ሥራ አላውቅም፣ የሚያውቅ ይመልስ። አባት የተወውን ሞተር ቆራርጦ የሚጥል ካለ ግን ወደ እኔ ጋራዥ ያምጣው።

የሐዋሳዋ፦ ላሜራዎቹ ተገኙ! አንዱ ብቻ ጎድሏል። ቀለሟንስ ምን ላድርግ? አራት ጊዜ ተቀብታለች። የመጀመሪያውን ማንም አያስታውስም።

ጋሼ፦ ጎበዝ። የጎደለውን በላሜራ ቀጥቃጭ አሠሪው፣ ካርቶን ቆርጠሽ ልኩን ስጪው። ለቀለሙ የፊት ኮፈኑን ክፈቺና ከዳሽቦርዱ ጀርባ ግቢ። ቀቢዎች እዚያ አይደርሱም፣ የፋብሪካው ቀለም እንዳለ ነው። ከመቀባትሽ በፊት ማግኔት ይዘሽ ዙሪዋት። የማይዝበት ቦታ ስቱኮ ነው፣ ከስሩ ቀዳዳ አለ።

የሳሪሱ፦ ጋሼ፣ አሁን ወንበሩን አነሳሁ። 117 ይላል። ከባትሪው ጎን የአባቴን የቤንዚን ኩፖን አገኘሁ፣ የደርግ ጊዜ። ግማሹ ተበልቷል ግን ፊርማው ይነበባል።

ጋሼ፦ ኩፖኑን መጽሐፍ ውስጥ አስቀምጠው። የበላው አሲድ ነው። ኩፖኑን ከበላ ወለሉንም በልቷልና ምንጣፉን ገልጠህ በመዶሻ እጀታ ነካ ነካ አድርገው። ባትሪውስ ክዳን አለው?