የኮምፒውተር ሴኪውሪቲውን ለሌላ ድርጅት ሰጥተናል፣ ታዲያ እኛ ምን እንይ?

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ከረሙ። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ አይቲ ነኝ፣ ብቻዬን ነኝ ማለት ይቻላል። ሴኪውሪቲውን አዲስ አበባ ላለ ድርጅት ሰጡት፣ ሶፍትዌሩ ራሱ ያያል ራሱ ይዘጋል ተባልን፣ በየወሩ አንድ ፒዲኤፍ ይመጣል፣ ሁሉም አረንጓዴ ነው። እኔ ግን ሲስተሙ ውስጥ መግቢያ እንኳ የለኝም፣ ሥራ አስኪያጁ "ደህና ነን ወይ?" ሲሉኝ ያንኑ ፒዲኤፍ ነው የማሳያቸው። ልጠይቅ ስል ደሞ አላመንናችሁም ያልኩ እየመሰለኝ ዝም አልኩ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ጠይቅ፣ ሥራህ ነው። ጥበቃውን ለሰው ብትሰጡም ዳታው የናንተ ነው፣ የጠፋ ቀን ሠራተኛውም ደንበኛውም የሚመጣው እናንተ ጋ ነው። በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም ሥራውን ለሌላ ስለሰጣችሁ ብቻ ከኃላፊነት አያወጣችሁም።

ለአለቆችህ ታርጌት የሚባለውን የአሜሪካ ትልቅ የሱቆች ድርጅት ታሪክ ንገራቸው። በፈረንጆቹ 2013 ሌቦቹ የማቀዝቀዣ ሥራ በሚሠራለት ድርጅት ፓስወርድ ገቡ፣ ሶፍትዌሩ አያቸው፣ ህንድ ባንጋሎር ሆነው የሚከታተሉትም ለዋናው ቢሮ አሳወቁ፣ ከዛ ግን በጊዜ የተንቀሳቀሰ ሰው አልነበረምና ወደ 40 ሚሊዮን የካርድ ቁጥር ተሰረቀ። ማሽኑም ነበረ ተከታታይም ነበረ እኮ!

ስለዚህ መጀመሪያ ማየት ብቻ የሚያስችል አካውንት ጠይቅ፣ ምንም የማይነካ፣ ይሄን የሚከለክል ድርጅት እኔ ያሳስበኛል። ስትገባ የሚከታተሏቸውን ኮምፒውተሮች ቁጥር ንብረት ክፍል ካለው መዝገብ ጋር አስተያይ፣ ብዙ ጊዜ ጉዱ ያለው እዚህ ነው፣ አዲስ የተገዛው ላፕቶፕ አልገባም፣ የመጋዘኑ አሮጌ ኮምፒውተር ተረስቷል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣም ሎግ (የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን) መላኩን ያቆመ ሰርቨር እንዳለ እይ፣ ምክንያቱም አረንጓዴው አንዳንዴ "ችግር የለም" ማለቱ ሳይሆን "ከናንተ የሚደርሰኝ ነገር የለም" ማለቱ ነው። ከዛ ማሽኑ ራሱ የዘጋቸውን ማስጠንቀቂያዎች ዝርዝር ከነምክንያታቸው አስላክ፣ ችላ በል የተባለውን ማን አዘዘ፣ መቼ፣ እስከመቼ? ለሁለት ቀን ተብሎ የተዘጋ ነገር ዓመት ሙሉ እንደተዘጋ ይቀራል።

ሰዓቱን ተጠንቀቅ ደሞ። ሪፖርቱ በዩቲሲ (ከኛ በ3 ሰዓት ወደኋላ በሆነው ዓለም አቀፍ ሰዓት) ከሆነ 23:00 የሚለው በኛ ሌሊት 8 ሰዓት ነው፣ ማታ ሰው ሥራ ላይ እያለ የሆነ መስሎህ እንዳታልፈው።

አንድ ነገር ግን አደራ የምልህ፣ ፈትናቸው። ሥራ አስኪያጁን በጽሑፍ አስፈቅድና ቅዳሜ ማታ ወይ የአረፋ ዕለት ኢካር የምትባለውን የሙከራ ፋይል አንድ ኮምፒውተር ላይ አውርድ፣ 68 ፊደል ናት፣ ጉዳት የላትም፣ ግን አንቲቫይረሶች እንደ ቫይረስ እንዲይዟት ተስማምተውባታል። ማሽኑ መያዙ ብቻ አይበቃም፣ ሰው ደወለልህ ወይ? በስንት ደቂቃ? የደወሉትስ ለማን ነው፣ ከወጣ ዓመት ለሆነው ሠራተኛ እንዳይሆን።

ራሱ የሚሠራ ነገር ራሱ ሊጥልህም ይችላል፣ በፈረንጆቹ 2024 ሐምሌ ክራውድስትራይክ የሚባለው የሴኪውሪቲ ድርጅት የላከው አንድ የተበላሸ አፕዴት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተር ከሥራ ውጭ አድርጓል፣ ስለዚህ የአድሚን ፓስወርዱና የዲስክ መክፈቻ ቁልፉ ቅጂ ፋብሪካው ካዝና ውስጥ ይቀመጥ።

ውሉ ሲታደስም ሎጉ የኛ ነው፣ ስንለያይ በሙሉ ታስረክቡናላችሁ የሚል አንቀጽ አስገቡ፣ ከፊርማው በፊት።