በብረት መፈለጊያ ስለተገኘው ጥንታዊ ሳንቲም

ዘመድዎ አክሱም አካባቢ ከእርሻ መሬት በብረት መፈለጊያ መሣሪያ አግኝቶ ወደ አዲስ አበባ ያመጣውን የነሐስ ሳንቲም ፒያሳ ላሉ ወርቅ ቤቶች መሸጥ ይችል እንደሆነ ጠይቀዋል። አይችልም። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ለማዕድን ፍለጋ፣ ለሕንፃ ወይም ለመንገድ ሥራ ሲቆፈር፣ አለዚያም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ማንኛውም ሰው ወዲያውኑ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ማሳወቅና እስኪረከበው ድረስ በነበረበት ሁኔታ ጠብቆ ማቆየት አለበት፤ ላስረከበውም ተገቢው ሽልማት እንዲሰጠው አዋጁ ይደነግጋል። ቅርስ ለማግኘት አስቦ መቆፈር ግን ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ፣ ዘመድዎ መሣሪያውን ይዞ ወደ ቦታው እንዳይመለስ አጥብቄ እለምናለሁ።

ይህን የምለው ስለ ሕጉ ብቻ አይደለም። በንጉሥ ዒዛና ዘመን በአክሱም ሳንቲሞች ላይ የነበረው የጨረቃና የክብ ምልክት በመስቀል መተካቱ ክርስትና ወደ አገራችን ስለመግባቱ ከቀሩልን ግልጽ ምስክሮች አንዱ ነው፤ አንድ ሳንቲም ከየትኛው አፈር፣ ከምን ጋር እንደወጣ ካልታወቀ ግን የሚናገረው አብዛኛው ነገር ይጠፋል። ስለዚህ እንዳይታጠብ፣ እንዳይፈገፈግም። የተገኘበትን ቦታና ቀን ጽፈው፣ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልለው ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ያስረክቡ፤ የርክክብ ሰነድም ይቀበሉ።