አቶም ይነበባል ወይስ ይለካል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰበታ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ለተማሪዎቼ በአማርኛ ባዘጋጀሁት ማስታወሻ ላይ «የአቶሙን የኳንተም ሁኔታ በሌዘር ብርሃን እናነባለን» ብዬ ጻፍኩ። ባልደረባዬ አይቶት «አቶም ፊደል ነው እንዴ የሚነበበው? ይህ የእንግሊዝኛ ጥላ ነው፤ እንለካለን በል» አለኝ። «ሁኔታ» የሚለውንም በ«ኩነት» ለውጥ ይለኛል። የቱን ልያዝ?

መልስ፦ «እናነባለን» ያሉትን አይሰርዙት። ባልደረባዎ የእንግሊዝኛ ጥላ ያሉት ቃል ከግእዝ የመጣ ነው፤ ለዚህ ሥራ ደግሞ ከ«መለካት» ይልቅ የቀረበ ነው።

በግእዝ «ነበበ» ማለት ተናገረ ማለት ነው። «ነባቢ» ተናጋሪ ነው፤ ሊቃውንቱ የሰውን ነፍስ «ነባቢት» የሚሏትም ከዚሁ ነው። ግሱ በአስደራጊው ዐምድ ሲረባ «አንበበ» ይሆናል፤ ቃል በቃል ሲፈታ «እንዲናገር አደረገ» ማለት ነው። ያነበበ ሰው እንግዲህ ብራናውን ያናገረ ሰው ነው። አማርኛ ሥሩን «ነበበ»ን ጥሎ «አነበበ»ን ብቻ ስለ ወረሰ፣ የ«አ» አስደራጊነት ለጆሯችን አይሰማም። ድምፁ ግን ከቃሉ ጨርሶ አልወጣም። ጸሎቱን «የሚያነበንብ» ሰው ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። «መነባንብ» በመድረክ የሚነገር ነው። በቤተ ክርስቲያን ንባብ ቤት ያለ ልጅም የንባብ ስልቶቹን፣ ተነሹን ከወዳቂው፣ ሰያፉን ከተጣዩ እየለየ ጮክ ብሎ ነው የሚያነበው፤ በዝምታ ያነበበውን መምህሩ እንዳነበበ አይቆጥርለትም። («ነቢይ»ንም ከዚህ ሥር የሚያወጡ ያጋጥማሉ። የለበትም። «ነቢይ»፣ «ትንቢት»፣ «ተነበየ» ሥራቸው ነ-በ-የ ነው።)

አሁን ሥራውን ራሱን እንየው። አንድ ኤሌክትሮን የጎደለው የካልሲየም አቶም (አዮን ይባላል) አየሩ ተመጥጦ በወጣለት ዕቃ ውስጥ፣ በኤሌክትሪክ መስክ ወጥመድ ተይዟል። የሚለዩት ሁለቱ ሁኔታዎች ዝቅተኛው የጉልበት እርከንና «ዲ 5/2» የሚባለው ከፍ ያለ እርከን ናቸው። 397 ናኖሜትር የሆነ ሐምራዊ ሌዘር ይለቀቅበታል። አቶሙ በዝቅተኛው እርከን ላይ ከሆነ ብርሃኑን ይውጥና በ7 ቢሊዮንኛ ሰከንድ ገደማ መልሶ ይተፋዋል፤ እንዲህ እየዋጠና እየተፋ በሰከንድ ብዙ ሚሊዮን ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ይበትናል። «ዲ 5/2» ላይ ከሆነ ግን ይህ ቀለም አይነካውም፤ ዝም ይላል። ሌንሱ ከተበተነው ጥቂት በመቶ ቢሰበስብ ነው። ስለዚህ በ1 ሚሊሰከንድ ውስጥ የፎቶን ቆጣሪው ለምሳሌ 30 ከቆጠረ አቶሙ ተናግሯል። 1 ወይም 2 ከሆነ ግን ከዕቃው ግድግዳ ተንጸባርቆ የመጣ ነው፤ አቶሙ ዝም ብሏል። ወሰኑ በመካከል፣ 10 አካባቢ ይደረጋል። ሐሳቡን የፊዚክስ ሊቁ ሃንስ ዴመልት እ.ኤ.አ. በ1975 አቀረበው። በ1986 ደግሞ አንድ ነጠላ አዮን ድንገት ሲጨልም፣ ድንገት ሲበራ በዓይን የታየ ያህል ተመዘገበ።

ስህተቱም በዚሁ ቃል ይነገራል። አቶሙ ከዋጠው 16 ጊዜ አንዱን ያህል «ዲ 3/2» ወደሚባል ሦስተኛ እርከን ይወድቃል፤ 866 ናኖሜትር የሆነ ሌላ ሌዘር ካላነሣው እዚያው ከ1 ሰከንድ በላይ ይቀመጣል። ይህ ሁለተኛው ሌዘር ከቀለሙ ፈቀቅ ካለ፣ አቶሙ መናገር እንደ ጀመረ አፉ ይያዛል፤ እኛም ከመጀመሪያው ዝም ያለ አድርገን እንመዘግበዋለን። የተገላቢጦሹም አለ። «ዲ 5/2» ላይ ያለው በአማካይ 1.17 ሰከንድ ያህል ይቆያል፤ ንባቡ 1 ሚሊሰከንድ ከሆነ ከ1,000 አንድ ጊዜ ገደማ በንባቡ መሐል ወርዶ ማብራት ይጀምራል። ንባቡን ሲያስረዝሙት ይህ ስህተት ይበዛል፤ ሲያሳጥሩት ደግሞ 30 የነበረው ቁጥር ይወርድና ከዝምታው ጋር ይደባለቃል።

ባልደረባዎ «ፊደል ነው እንዴ?» ላሉት፣ አማርኛ የሚነበብን ነገር የሚያውቀው በፊደል ሳይሆን በ«ይላል» ነው። ደብዳቤው ምን ይላል? ሰዓቱ ስንት ይላል? ቆጣሪ አንባቢ መጥቶ የግቢውን ሣጥን ከፍቶ ሲያይ አከራይዋ «ስንት ይላል?» ብለው ነው የሚጠይቁት። ማንም «ቆጣሪ ለኪ» አይለውም። ገበያ ላይ ሽንኩርቱ ይመዘናል፤ «ይላል» የሚባለው ሚዛኑ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ መከራከሪያ አለ፤ የሚያነሡትም ቋንቋ አዋቂዎች ናቸው። «እንደዚያ ከሆነ የሚነበበው የፎቶን ቆጣሪው ነው፤ አቶሙ ሽንኩርቱ ነው፤ ሽንኩርት ደግሞ አይነበብም» ይላሉ። አልቀበለውም። ሽንኩርቱ ሚዛን ላይ ተቀምጦ ምንም አያወጣም። ብርሃኑን የሚያወጣው ግን አቶሙ ራሱ ነው፤ ቆጣሪው ጆሮ ነው። ሌዘሩ ይጠይቃል፣ አቶሙ ይመልሳል ወይም ዝም ይላል። «አንበበ» ማለት ይኸው ነው።

«መለካት» ቦታ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። አቶሙ ከንባቡ በፊት የሁለቱ ሁኔታዎች ድርብ ከሆነ (ሁለቱንም ባንድነት ከያዘ)፣ አንድ ንባብ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው የሚሰጠን፤ ድርብነቱም እዚያው ያበቃል። ምን ያህሉ ከአንደኛው፣ ምን ያህሉ ከሁለተኛው እንደ ነበረ ለማወቅ፣ አቶሙን እንደገና እንደዚያው አዘጋጅቶ 200 ጊዜ ማንበብና ድርሻውን ማስላት ያሻል። ግማሽ በግማሽ ቢሆን 200 ንባብ የሚሰጠው ከ3.5 በመቶ ገደማ ስህተት ጋር ነው። ይህ «ስንት?» የሚለውን ይመልሳልና ለእሱ «ለካን» ይበሉ። አንዱ ንባብ፣ ሁለት መቶው ልኬት ነው። ለዚህም ነው «የነበረበትን ሁኔታ አነበብን» የሚል በማስታወሻዎ እንዳያስገቡ የምመክረው፤ ድርብ የነበረ አቶም ከንባቡ በፊት በዚያ አንድ ሁኔታ ብቻ አልነበረም። «ሆኖ ያገኘነውን ሁኔታ» ቢሉ ግሱም ፊዚክሱም ይስማማሉ።

አንድ ያልጠየቁኝን ልጨምር፤ ከጠየቁኝ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ተማሪዎችዎ ያላበራውን አቶም «ጠፋ» ማለታቸው አይቀርም፤ መብራት በየሳምንቱ በሚጠፋበት ሰፈር ላደገ ልጅ የብርሃን ተቃራኒ «ጠፋ» ነው። እዚህ ግን ቃሉ ያሳስታል። አቶም ከወጥመዱ አምልጦ በእርግጥም ይጠፋል፤ የጠፋው አቶምና ዝም ያለው አቶም ደግሞ በካሜራው ላይ አንድ ናቸው። ለመለየት 854 ናኖሜትር የሆነ ሌዘር ይለቀቅና «ዲ 5/2» ላይ ያለው ወደ ታች ይመለሳል፤ ከዚያ በ397ና በ866 እንደገና ይታያል። ከበራ ጨልሞ ነበር፤ ካልበራ ጠፍቷል። የሩቢዲየም አቶምን በብርሃን ወረንጦ (በጠባቡ በተሰበሰበ የሌዘር ብርሃን) ይዘው የሚሠሩት ጋ ይብሳል፤ አንዱን ሁኔታ የሚያነቡት በ780 ናኖሜትር ብርሃን ከወጥመዱ ገፍተው በማስወጣት ስለ ሆነ፣ በሌላ ምክንያት ያመለጠው ሁሉ በዚያ ሁኔታ የነበረ ይመስላል። «ጨለመ»ና «ጠፋ» ይለዩ፤ በዚህ አንድ ነገር ብቻ ተማሪውን ይጨቅጭቁት።

«ሌዘር»ን አይንኩት። ከቆዳ ጃኬቱ ጋር በድምፅ ቢገጥምም «የሌዘር ብርሃን» ሲሉ የሚስት የለም። «የሌዘር ጨረር» ድግግሞሽ ነው የሚሉ፣ ብርሃንም (Light) ጨረርም (Radiation) በእንግሊዝኛው ምሕጻረ ቃል LASER ውስጥ ስላሉ ሁለቱንም መከልከል ይኖርባቸዋል።

በ«ኩነት» ላይ ግን ልቤ ከባልደረባዎ ጋር ነው። «ሁኔታ» የአየሩም፣ የመንገዱም፣ የኑሮውም ነው። «ኩነት» ከ«ኮነ» ወጥቶ በነገረ ሃይማኖት ትምህርት ልብነትን፣ ቃልነትንና እስትንፋስነትን ለመለየት ለዘመናት በጥንቃቄ የተያዘ ቃል ነው፤ ለኳንተም ትምህርት ከዚህ የጠራ አላውቅም። ነገር ግን አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደትን፣ ጋብቻን፣ ፍቺንና ሞትን «ወሳኝ ኩነት» ብሎ መዘገባቸው፤ ዛሬ የሰበታ ልጅ «ኩነት» ሲባል ትዝ የሚለው የወረዳው ሰልፍና የልደት ምስክር ወረቀቱ ነው፤ ጋዜጣውም «ኩነት»ን የሆነ ድርጊት አድርጎ ይጽፈዋል። ቃሉ ሄዷል፤ ወደ «ሆኖ መገኘት» እመልሰዋለሁ ብል የሚከተለኝ የለም። እኔ በራሴ ጽሑፍ «ኩነት» ማለቴን አልተውም። የእርስዎ ማስታወሻ ግን ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነውና «ሁኔታ» እንዳለ ይቀመጥ።