«አክሰንትሽ ያስቸግራል» ለተባለችው እህት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አነበብኩት። ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ ትልቅ ዓለም አቀፍ ባንክ ቴለር ነሽ፤ መስኮት ላይ ብር ትከፍያለሽ፣ ትቀበያለሽ። አካውንት ለሚከፍተውና ደንበኛ ለሚያማክረው ለፐርሰናል ባንከር ቦታ አመልክተሽ ማናጀርሽ «አክሰንትሽ (የአነጋገር ቅላጼሽ) ደንበኛ ያስቸግራል» ብላ ቦታውን ለሌላ ሰጠችው። ኤችአር (የሠራተኛ ጉዳይ ክፍል) ልሂድ ወይስ ዝም ልበል ነው የምትይው። ከጥያቄሽ ስር አንዳንዶች «ዝም በይ፣ እንጀራሽ ነው፤ ዳይቨርሲቲ የሚባለውም ተነስቷል» ብለውሻል። እሱን አይቼ ነው ለመጻፍ የተነሳሁት። እኔም ሜሪላንድ ውስጥ ባንክ ስሠራ ይኸው ደርሶብኛል።

1. የተነሳው የዳይቨርሲቲ፣ ማለትም ልዩ ልዩ ሰዎችን በሥራ የማካተት፣ ፕሮግራሙ እንጂ ሕጉ አይደለም። ባንኮቹ በራሳቸው ፈቃድ ያቋቋሙትን ነው እየቀየሩ ያሉት። ሲቲግሩፕ የሚባለው ትልቅ ባንክ ለምሳሌ በ2025 የዳይቨርሲቲ ክፍሉን ስም ቀይሯል። ፕሬዚዳንት ጆንሰን በ1965 የመንግሥት ኮንትራክተሮች በሠራተኛ ላይ እንዳያዳሉ ያወጡት ትዕዛዝም በ2025 ተሽሯል። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ግን ኮንግረስ ያወጣው ነው፤ አለ። በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት፣ በፆታና በትውልድ አገር ማዳላትን ይከለክላል። አክሰንት ከትውልድ አገር ጋር ይያያዛል። ባንኩ እሱን ምክንያት ማድረግ የሚችለው ሥራውን በእርግጥ የሚያደናቅፍ ከሆነ ብቻ ነው። አንቺ ደግሞ ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ከደንበኛ ጋር ስታወሪ ነው የምትውዪው። ብር ሲያወጡ የገባቸው አነጋገር አካውንት ሲከፍቱ ነው የሚጠፋባቸው?

2. በቃል የተባለውን በጽሑፍ አድርጊው። እኔ በዚያው ቀን ለማናጀሬ ኢሜይል ላክሁ። ስድብ የለ፣ ክስ የለ። «ዛሬ እንደነገርሽኝ ቦታውን ያላገኘሁት በአነጋገሬ ምክንያት ነው፤ የተሳሳትኩት ካለ አርሚኝ» ነው ያልኩት። መልሷ «የኮሙኒኬሽን ችሎታሽን ማለቴ ነው» የሚል ነበር። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «የሽያጭ ልምድ ስለሌለሽ ነው» ሆነ። ምክንያት ሲቀያየር ለአቤቱታሽ ይጠቅማል። ዝም ብትይ ግን ማን ምን እንዳለ ማን ያውቃል?

3. ይቺን በደንብ ስሚኝ። ከባንኩ ኢሜይል ወደ ግልሽ ምንም እንዳትልኪ! እኛ ብራንች አንድ ጎበዝ ልጅ ነበር፤ ሐበሻ ነው። ማስረጃ ልሰብስብ ብሎ ኢሜይሎችን ወደ ራሱ አካውንት ላከ። አንዱ ላይ የደንበኛ መረጃ ነበረበት። ስለ አድልዎ ያቀረበውን ማንም ሳያየው፣ የመረጃ ደህንነት ደንብ ጥሰሃል ተብሎ ተባረረ። ባንክ ለዚህ ምሕረት የለውም። አንቺ ቤትሽ ስትገቢ በራስሽ ደብተር ላይ ቀኑን፣ የተባለውን ቃልና የሰማውን ሰው ጻፊ። በቂ ነው።

4. ኤችአር። ሂጂ፣ አትሂጂ አልልሽም። ግን የባንኩ ጠበቃ ቤት የገባሽ ያህል ተጠንቅቀሽ ሂጂ። እኔን ያነጋገረችኝ ሴትዮ ከጀርባዋ ሁሉም ዓይነት ሰው ጥርሱን የገለጠበት ትልቅ ፖስተር ነበራት። ስሜን ሞክራ ሞክራ ተወችው። «አጠር ያለ የለሽም?» አለችኝ። የአክሰንት አቤቱታ ይዤ ሄጄ! እያወራሁ ዓይኗ ስልኳ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ በጠየቅኋት ቁጥር «እያጣራን ነው» ሆነ መልሷ። በአክብሮት ነው የምትለው፤ እሱ ነው የሚያናድደው። ወሩ ይሄዳል፣ ማጣራቱ አያልቅም።

ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው፣ ከመንግሥት ሥራ በጡረታ የወጡ አባት ናቸው ያነቁኝ። «ልጄ፣ የነሱ ማጣራት ያንቺን ቀን አያቆመውም» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ለፌዴራሉ የእኩል ሥራ ዕድል ኮሚሽን፣ ኢኢኦሲ ለሚባለው፣ አቤቱታ የማስገቢያው ጊዜ 180 ቀን ነው። እንደ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ የራሳቸው ተቋም ባለባቸው ቦታዎች 300 ይደርሳል። ኤችአር እያየው ነው ተብሎ አይራዘምም። ቀኑ የሚቆጠረው ቦታውን እንደተከለከልሽ ከተነገረሽ ጊዜ ጀምሮ ነው። ክፍያ የለውም፣ ጠበቃም ግዴታ አይደለም። በኦንላይን ትጀምሪዋለሽ፣ ከዚያ ያነጋግሩሻል።

እኔ ቀኑ ሳያልፍ አስገባሁ። ማናጀሬ አኮረፈች። ቅዳሜ ቅዳሜ መዝጊያ ላይ እኔን ብቻ ትመድብ ጀመር። እሱንም ጻፍኩት፤ አቤት ባለ ሰው ላይ መበቀል ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። በመጨረሻ በሽምግልና ጨረስን። ዝርዝሩን እንዳልናገር ፈርሜያለሁ። ዛሬ ግን ባንኩ ሕግና ደንብ ማክበሩን የሚከታተለው ኮምፕላያንስ ክፍል ነኝ፤ አክሰንቴም አብሮኝ አለ።

«ትልቅ ባንክን ማን ይነካል» ለሚሉሽ ደግሞ፣ ሜሪል ሊንች በሚባለው ትልቅ የኢንቨስትመንት ድርጅት ላይ በ2005 የዘር አድልዎ ክስ የጀመረው እዚያው የሚሠራ አንድ ጥቁር ብሮከር ነበር። ሌሎች ተከተሉት፤ በ2013 ኩባንያው 160 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። ስምንት ዓመት ፈጅቷል፤ እሱንም አልደብቅሽም።

ጠበቃ ልያዝ ወይ ላልሽው፣ አሁን ባትይዢም ችግር የለውም። ኮሚሽኑ መክሰስ ትችያለሽ የሚል ደብዳቤ ከሰጠሽ ግን ፍርድ ቤት ለመሄድ ያለሽ 90 ቀን ብቻ ነው። ደብዳቤው በእጅሽ ሲገባ ሳትውዪ ሳታድሪ ጠበቃ ፈልጊ። ኢሜይሉን ለመጻፍ ከከበደሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝና አየዋለሁ። የባንኩን ስም ግን እዚህ እንዳትጽፊ።