ሞንስቴራው አልተጠማም፣ ጨልሞበታል

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ጅማ፣ ማና አካባቢ ቡና አምራች ነኝ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጄ አምና ሞንስቴራ የሚባል ተክል ይዛልን መጣች። ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ ጎን አስቀመጥነው። ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ውሃ ታጠጣዋለች። ክረምቱ ከገባ ወዲህ የታችኛው ቅጠል ቢጫ እየሆነ ይረግፋል። አዲስ የሚወጣው ደግሞ ትንሽ ነው፣ ያ የሚያምረው ቀዳዳም የለውም። ከአፈሩ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች ይነሳሉ። ልጄ ‹አየሩ ደርቆበት ነው፣ ቅጠሉን በየቀኑ ውሃ እንርጨው› ትላለች። እኔ ደግሞ የተረፈ ዩሪያ ስላለኝ ትንሽ ጣል ላድርግበት ወይ እላለሁ። እምቢ ካለስ ጓሮ ቡናው ጥላ ስር ብተክለው ይሻለው ይሆን? ፎቶውን ልኬያለሁ።»

መልስ፦ ጋሼ፣ መጀመሪያ ዩሪያውን ወደ ቦታው ይመልሱት። ሌላውን ቀስ ብለን እናወራለን። ሥሩ የታመመ ተክል ላይ ማዳበሪያ መጨመር ቁስል ላይ ጨው መነስነስ ነው። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ማሳ ላይ ሰፊው አፈርና ዝናቡ ያቀልሉታል፤ ባልዲ ውስጥ ግን የሚሄድበት የለውም፣ እዚያው ሥሩን ያቃጥለዋል።

ልጅዎም ከራሷ አልፈጠረችውም። ኢንተርኔት ላይ ሞልቶ የተጻፈው እንደዚያ ነው። ችግሩ የተጻፈው ለሌላ አገር ቤት መሆኑ ነው። በብርድ ወራት ቀንና ሌሊት በማሞቂያ የሚሞቅ ቤት አየሩ ይደርቃል፣ የቅጠሉ ጫፍ ይከስላል፣ ስለዚህ ውሃ ርጩበት ይባላል። እኛ ጋ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይጥላል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የታጠበ ልብስ ሁለት ቀን ሙሉ ተሰጥቶ አይደርቅም። ታዲያ ይሄ ተክል ምን አየር ደረቀበት? በዚህ ወቅት ቅጠሉን በየቀኑ ማርጠብ የቅጠል ነጠብጣብ የሚያመጣውን ሻጋታ መጋበዝ ነው። በጋ ላይ፣ ጥርና የካቲት አካባቢ፣ አቧራው ሲበዛ ቅጠሉን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ጠረግ ቢያደርጉለት ግን ይወዳል። አቧራ ብርሃን ይከልልበታል።

የእርስዎ ተክል ችግሩ ሁለት ነው፣ ሁለቱም የተያያዙ ናቸው። ብርሃን አጥሮታል፣ ውሃ በዝቶበታል። ጨለማ ውስጥ ያለ ተክል አይሠራም፣ ካልሠራ ደግሞ አይጠጣም። ባለቤትዎ የምታጠጣው ውሃ በጋ ላይ ምናልባት ልኩ ሊሆን ይችል ነበር። አሁን ግን ሰማዩ ደመና ነው፣ ቤቱ ቀዝቅዟል፣ ተክሉም ጥግ ተደብቋል፣ ውሃው እንዳለ አፈሩ ውስጥ ይከርማል። ሥር ደግሞ መተንፈስ አለበት። በአፈሩ ውስጥ አየር የሚይዘው ቦታ ሁሉ በውሃ ከሞላ ሥሩ ታፍኖ ይሞታል፣ ከዚያ ይበሰብሳል። ሥር የሌለው ተክል ውሃ ውስጥ ቆሞም ይጠወልጋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጠውልጎ ሲያየው «ውሃ አንሶት ነው» ብሎ ይጨምርበታል።

ዝንቦቹ ይህንኑ ይመሰክራሉ። እጫቸው የሚኖረው እርጥብና የሚበሰብስ ነገር ያለበት አፈር ውስጥ ነው። መድኃኒት ፍለጋ አይሂዱ። የላይኛው አፈር ሲደርቅ መራቢያ ያጣሉ፣ ቀስ በቀስ ራሳቸው ይጠፋሉ።

ስለ ብርሃኑ ትንሽ ላብራራ፣ ምክንያቱም እርስዎ የቡና ሰው ስለሆኑ ጥላ ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ሞንስቴራም እንደ ቡና የጫካ ልጅ ነው። አገሩ ከደቡብ ሜክሲኮ እስከ ፓናማ ያለው ዝናባማ ደን ነው፤ እዚያ ከትልልቅ ዛፎች ሥር ይበቅልና ግንዳቸውን ተጣብቆ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ «ጥላ ይወዳል» ሲባል እውነት ነው። ግን የሰሳና የዋንዛ ጥላ እና የሳሎን ጥግ አንድ አይደሉም! ሜዳ ላይ የቀትር ፀሐይ ብርሃን ሲለካ ወደ 100,000 ሉክስ ይደርሳል። ቡናዎ ጥላ ስር ሆኖም በሺህ የሚቆጠር ያገኛል። ቴሌቪዥኑ ጎን ያለው ጥግ ግን፣ በተለይ መስኮቱ ትንሽ ከሆነና መጋረጃ ካለው፣ ብዙ ጊዜ 200 እንኳ አይሞላም። የሰው ዓይን ቶሎ ስለሚለምድ ልዩነቱን አያሳየንም። ተክሉ ግን ያውቀዋል፤ ቀዳዳ የሌለው ትንሽ ቅጠል የሚያወጣው ለዚህ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሳይቀደድ የወጣ ቅጠል በኋላ አይቀደድም። ብርሃን ካገኘ የሚለወጠው ቀጥሎ የሚመጣው ነው፣ ስለዚህ የድሮውን እያዩ ተስፋ አይቁረጡ።

ወደ መስኮት ያቅርቡት። የትኛው መስኮት? ኢንተርኔቱ «ወደ ደቡብ የሚያይ» ይላል፣ ያም ለእነሱ ነው። እኛ ምድር ወገብ አጠገብ ነን፤ ሰኔ ላይ ቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ዘንበል ትላለች፣ ታኅሣሥ ላይ ወደ ደቡብ። ለእርስዎ የሚሻለው ምሥራቅ የሚያይ መስኮት ነው። የጠዋት ፀሐይ ለስላሳ ናት፣ ብትነካውም አትጎዳውም። ምዕራብ ከሆነ በጋ ላይ የከሰዓቱ ፀሐይ ቅጠሉን ስለሚለበልበው አንድ ሜትር ያህል ፈቀቅ አድርገው፣ ወይም ስስ መጋረጃ ጋርደውበት ያኑሩት። መብቃቱን ለማወቅ እኩለ ቀን ላይ እጅዎን ከቅጠሉ በላይ ዘርጉ። ጥላው ደብዘዝ ብሎም ቢሆን የእጅዎን ቅርጽ ካሳየ ይበቃል። ምንም ጥላ ካልታየ ቦታው ለቴሌቪዥን እንጂ ለተክል አይሆንም። ሌሊት ላይ ግን የተከፈተ መስኮት ሥር አይተዉት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ የጅማ ሌሊት ይበርዳል፣ ይሄ ተክል ደግሞ ከ10 ዲግሪ በታች አይችልም።

አሁን ወደ ሥሩ እንግባ። ፎቶው ላይ የማየው የቀለም ባልዲ ይመስለኛል። የባልዲው ታች ቀዳዳ አለው? ከሌለው ነገሩ ሁሉ ከዚያ ነው የጀመረው። በጋለ ሚስማር አምስት ስድስት ቦታ ብሱት። አንዳንዱ ሰው ቀዳዳ በመብሳት ፈንታ ታች ጠጠር ያነጥፋል። አይሠራም። ውሃው ከጠጠሩ በላይ ባለው አፈር ውስጥ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ሥሩም የሚረግጠው ቦታ ያጣል።

ተክሉን ቀስ ብለው ያውጡትና ሥሩን ይመልከቱ። ጤነኛ ሥር ነጣ ያለ ነው፣ ሲጨብጡት ጠንካራ ነው። የበሰበሰው ጠቁሯል፣ ሲነኩት ቆዳው ይላጣል፣ ይሸታል። እሱን ሳይሳሱ ቆርጠው ይጣሉት። ቢላዋውን አስቀድመው እሳት ያስነኩት ወይም በአልኮል ይጥረጉት፤ ቡና ሲደርቅብን ገጀራውን ሳናጸዳ ከዛፍ ወደ ዛፍ አንሂድ የምንለው በሽታው በስለት ስለሚሻገር ነው፣ እዚህም ያው ነው። እጅዎ ላይ ፌስታል ቢያጠልቁ ይመረጣል። ሞንስቴራ የጎደሬ ዘመድ ነው፣ ጎደሬ በጥሬው ጉሮሮ የሚያሳክክበት ያ ነገር ሞንስቴራ ውስጥም አለ። ለዚህም ነው ሕፃንና ፍየል እንዳያኝኩት መጠበቅ ያለብዎት። አፍ ያቃጥላል፣ ያሳብጣል።

አፈሩንም ይቀይሩት። የእኛ ቀይ አፈር ለቡና የታደለ ነው፣ ጥልቅ ነው፣ ማሳ ላይ ውሃውን ያሰርጋል። ባልዲ ውስጥ ሲገባ ግን ውሃ በፈሰሰበት ቁጥር ይጠቀጠቃል፣ መጨረሻ ላይ ጡብ ይሆናል። አንድ እጅ አፈር ላይ ሁለት እጅ የበሰለ ኮምፖስት ወይም በደንብ የበሰበሰ የቡና ገለፈት፣ አንድ እጅ ሻካራ የወንዝ አሸዋ፣ አንድ እጅ ደግሞ ባቄላ የሚያህል ፍርካሽ ከሰል ይጨምሩ። ከከሰል ጆንያ ሥር የሚቀረው፣ ለማንደጃ የማይሆነው፣ ለዚህ ምርጥ ነው። ፈረንጆቹ በከረጢት የሚሸጥ ነገር ይገዛሉ፤ እኛ ያለን ከዚያ አያንስም ባይ ነኝ። ገለፈቱን በተመለከተ ግን አደራ፣ ከመፈልፈያ እንደወጣ አይጠቀሙት። ሲበሰብስ ይሞቃል፣ የአፈሩን ናይትሮጅን ራሱ ይሻማል፣ ውስጡ ያለው ካፌይንም ለለጋ ሥር ጥሩ አይደለም። ወራት ከርሞ ጠቁሮ፣ የጫካ አፈር አፈር ሲሸት ያኔ ደርሷል።

የተረፈው ሥር ትንሽ ከሆነ ትንሽ ዕቃ ይበቃዋል። «ያድጋል» ብለው ትልቅ በርሜል ውስጥ አይክተቱት፣ ሥር ያልደረሰበት አፈር እርጥብ ሆኖ ይቆያልና እንደገና ወደዚያው ችግር ነው። መሃል ላይ ወፈር ያለ እንጨት ይትከሉለት፣ እንጨቱንም አሮጌ የቡና ጆንያ ይጠምጥሙበት። ከግንዱ ጎን የሚወጡት እንደ ገመድ ያሉ ሥሮች ጆንያውን ይይዙትና መውጣት ይጀምራል። መውጣት ሲጀምር ቅጠሉም ይሰፋል። እነዚያን ሥሮች «አስቀያሚ ናቸው» ብለው እንዳይቆርጡ።

ውሃ ማጠጫ ቀን አልሰጥዎትም፣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ያንን ቢሆንም። ጣትዎን አፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ ይክተቱ። እርጥበት ከተሰማዎት ይተዉት። ከደረቀ ያጠጡት፣ ሲያጠጡ ደግሞ ከታች እስኪወጣ ድረስ ጠገብ አድርገው፣ ሰሃኑ ላይ የተጠራቀመውን መድፋትም አይርሱ። በየቀኑ ጠብ ጠብ ማድረግ ነው የሚገድለው። ክረምት ላይ ሁለት ሳምንት ሳይጠጣ ቢቆይ አይግረምዎት፣ በጋ ላይ በሳምንት ሊጠይቅ ይችላል። ለባለቤትዎም እንዲህ ቢሏት ይሻላል፦ ጠዋት ጠዋት ትየው፣ ንኪው፣ ውሃውን ግን አፈሩ ሲጠይቅ ስጪው። መንከባከቡን የለመደ እጅ በአንድ ጊዜ ተወው ሲሉት ይከፋዋል።

ዩሪያው ጉዳይ ደግሞ እንዲህ ነው። ተክሉ አገግሞ አዲስ ቅጠል መግፋት ሲጀምር፣ ምናልባት ከሁለት ወር በኋላ፣ የሻይ ማንኪያ ሩብ ያህል በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጠው፣ አስቀድሞ በረጠበ አፈር ላይ በወር አንዴ ቢሰጡት ይቻላል። እኔን ካሉኝ ግን ከላይ እፍኝ ኮምፖስት ቢጨምሩለት ይበቃዋል፣ እንዲያውም ይሻላል።

ሲያወጡት ሥሩ በሙሉ በስብሶ ከሆነስ? ያኔም አለቀ አይባልም። ጤነኛ ቅጠል ያለበትን የግንድ ክፍል፣ ቢያንስ አንድ አንጓ ይዞ እንዲቀር አድርገው ይቁረጡ። አንጓ ማለት ቅጠሉ ከግንዱ የሚነሳበት እብጠት ነው። ቅጠል ብቻ ውሃ ውስጥ ቢያስቀምጡ አዲስ ተክል አይወጣውም፣ በዚህ ብዙ ሰው ተሞኝቷል። ቁራጩን አንጓው ብቻ እንዲጠልቅ አድርገው ብርጭቆ ውሃ ውስጥ መስኮት ዳር ያኑሩ፣ ውሃውን በየሳምንቱ ይቀይሩ። ሥሩ ጣት ሲያህል ወደ አፈር ያዛውሩት።

ጓሮ መትከሉን ጠይቀውኝ ነበር። በእኛ ከፍታ፣ 1,700 ሜትር አካባቢ፣ ከነፋስና ከብርድ ከለል ያለ ቦታ ካገኘ ደጅም ይኖራል። የዝናብ ወቅት መጀመሪያ ላይ ቢተክሉት ጥሩ ነው። ግን አሁን ካለበት ጨለማ አውጥተው በአንድ ቀን ፀሐይ ላይ እንዳያቆሙት፣ ቅጠሉ ይነጣል፣ ይቃጠላል። መጀመሪያ መስኮት ዳር ይክረም፣ ከዚያ በረንዳ ላይ፣ ከዚያ ጓሮ። ቡናው ውስጥ ግን አያስገቡት። ይሄ ተክል ሲመቸው የጥላ ዛፉን ይዞ ይወጣል፣ የቡናውን ውሃና ምግብ ይጋራል፣ ሲለቅሙ ደግሞ እግር ይጠልፋል። ከቤቱ ግድግዳ አጠገብ አቮካዶ ካለዎት እሱ ሥር ቢሆን ይሻላል፣ ፍየል የማይደርስበት በኩል።